ተነቅሎ የሚመለስ መንገድ

የከተማ መንገድ ተሠርቶ ብዙ ሳይቆይ ይቆፈራል። ዛሬ ለውኃ ቧንቧ፣ ነገ ለፍሳሽ፣ ከነገ ወዲያ ለስልክ መስመር። አስፋልት ከሆነ የተቆረጠው ቦታ ቢለጠፍም በስፌቱ ውኃ ይሰርጋል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ይቦረቦራል። ስለዚህ ሰፈርን ከሰፈር፣ ሰፈርንም ከዋናው ጎዳና የሚያገናኝ መንገድ ሲታቀድ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ቢነቀል ወደ ቦታው መመለስ መቻሉ ነው እላለሁ። ኮብልስቶን ከሌሎቹ የሚልቀው እዚህ ላይ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ድሬዳዋ ላይ ተጀምሮ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች የተስፋፋው የኮብልስቶን ሥራ በአብዛኛው የሚፈልገው አገር ውስጥ ያለውን ነው፤ ከካባ የሚወጣ ጥቁር ድንጋይ፣ መዶሻ፣ አሸዋና የሠለጠነ እጅ። ጠራቢው ድንጋዩን ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደሆነ ጥርብ ይቀይረዋል፤ አንድ ካሬ ሜትር ለመሸፈን ከነክፍተቱ 80 ያህል ጥርብ ያስፈልጋል። ንጣፊው እያንዳንዱን በአሸዋ ላይ አቁሞ ከጎረቤቱ ጋር ያጠባብቀዋል። ጭነት ሲመጣ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይሸከሙታል፤ ወደ ጎን እንዳይንሸራተቱ የሚያግዳቸው ደግሞ በሁለቱም ዳር የሚተከለው የጠርዝ ድንጋይ ነው። ጠርዙ ከላላ መሐሉም ይበተናል። ከሥራው ሁሉ ዐይን የማያየውና ወሳኙ ግን ከአሸዋው በታች ያለው ነው። ውኃ ሲጠጣ የሚያብጠው፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ዋልካ አፈር ተጠርጎ ካልወጣና በምትኩ የገባው ሙሌት በሮለር ካልተጠቀጠቀ፣ ላዩ የቱንም ያህል ቢያምር በጥቂት ክረምት ይሰምጣል።

ከነዳጅና ከጭስ አንጻርም ልዩነቱ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ የአስፋልቱን ሬንጅ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች፤ ከጠጠር ጋር ለማዋሃድም አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። ለኮንክሪት መንገድ የሚሆነው የሲሚንቶ ክሊንከር ደግሞ 1,450 ዲግሪ አካባቢ ይቃጠላል። ጥርብ ድንጋይ ምድጃ አያውቅም። ካባው ከከተማው ከራቀ ግን በገልባጭ መኪና የሚነደው ናፍጣ ከዚህ ቁጠባ ላይ ይቀነሳል፤ ስሌቱ የሚያዋጣው ድንጋዩ ቅርብ ሲሆን ነው።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። መንገዱ ይንጫጫል፣ ጎማ ያነጥራል፣ ዊልቸር የሚገፋን ሰው ያሠቃያል፣ ከባድ መኪና ሲበዛበት ይሰምጣል ይባላል። ሁሉም እውነት ነው። በዚህም ምክንያት ፈጣንና ከባድ ትራፊክ ለሚያልፍበት ጎዳና ኮብል መምረጥ ስህተት ይመስለኛል። በሰፈር ውስጥ ግን መኪና ፍጥነት እንዲቀንስ መገደዱ ለሚጫወት ሕፃን ጥቅም ነው። ለዊልቸር መልሱ በዳሩ ለስላሳ የእግረኛ መተላለፊያ አብሮ መሥራት ነው፤ ይህ እንደ ተጨማሪ ውበት ታይቶ ከበጀት መውጣት የለበትም። «ኮብሉ ሰመጠ» ለሚለው ግን ፍርዱ በድንጋዩ ላይ ባይሆን እመርጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ቦይ ነው፤ በክፍተቶቹ የሚሰርገው ውኃ መውጫ ካጣ ሥሩን ያላላዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የጠራቢው ጤና ነው። የድንጋይ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል፣ ፍንጣሪው ዐይን ያጠፋል። መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ከካሬ ሜትሩ ዋጋ ውስጥ ካልተቆጠሩ፣ የመንገዱን ርካሽነት የከፈለው ጠራቢው ነው። የቁፋሮ ፈቃድ ሲሰጥም እንዲሁ ነው፤ ድንጋዩን ለይቶ የመከመር፣ ሙሌቱን እንደገና የመጠቅጠቅና ንጣፊ አምጥቶ የመመለስ ክፍያ ከመጀመሪያው አካፋ በፊት መያዝ አለበት።