ወንበር እስኪገኝ

ታናሽ ወንድሜ የአሜሪካ ወታደር ነው። ለፋሲካ ሜሪላንድ ወዳለችው እናታችን ለመሄድ ጀርመን ውስጥ ባለው የራምስታይን ጦር ሰፈር ሲጠብቅ ዋለ። ፈቃድ የወጣ ወታደር ትርፍ ወንበር ከተገኘ በወታደራዊ አውሮፕላን በነፃ ይሳፈራል፤ ቅድሚያው ግን ቤተሰቡ ላይ ድንገተኛ ችግር ለደረሰበት ነው።

የጠዋቱ በረራ ሞላ፤ የቀትሩ ተሰረዘ። እሱ ግን እማዬን "ልሳፈር ነው" እያለ ያረጋጋታል። እኔ ለማስትሬት መጥቼ ሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኜ ከቀረሁባት ካይዘርስላውተርን ደውዬ "እውነቱን ንገራት" አልኩት።

ማታ የቀረችው አንድ ወንበር አባቱ ለታመመበት ወታደር ተሰጠች። ያኔ ደወለላት። "ዶሮው ይቆይሃል፤ የሰው አባት ይቅደም" አለችው።

ቀኑን ሙሉ ስልኳን ከእጇ ሳትለይ መዋሏን የነገረችኝ በኋላ ነው። እናንተም መንገድ ሲዘገይባችሁ፣ ለሚጠብቃችሁ ሰው ቶሎ ንገሩት።