ልጆች ይዘን ጅቡቲ ከተማ ስንወርድ

ከአሊ አዴ ካምፕ ለሕክምናም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ጅቡቲ ከተማ ስንወርድ ትልቁ ፈተናችን ሙቀቱ ነው። በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ «ኻምሲን» የሚሉት ነፋስ ደግሞ አቧራ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ጉዳያችንን በማለዳ እንጨርስ። ከቀትር በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰውም በየቤቱ ጋደም ይላል፤ ያን ጊዜ ሕፃን አዝሎ መንከራተት በሽታ መጥራት ነው። ዓርብ ደግሞ ቢሮ የለም። የስደተኛ መታወቂያችን ከእጃችን አይለይ፣ የልጆቹም ወረቀት እንዲሁ።

ካምፕ ከተወለዱት ልጆቻችን ብዙዎቹ ባሕር አይተው አያውቁም። ጊዜ ከተረፈን 10 ሰዓት ግድም ሲዬስታ የሚባለው የባሕር ዳር እንውሰዳቸው። ውሃው ሲሸሽ ተከትለው ርቀው እንዳይሄዱ፤ ተመልሶ ይመጣል። «ይሄ ሁሉ ውሃ እያለ ለምን ይጠማናል?» ማለታቸው አይቀርም። ጨው መሆኑን እናስረዳቸው፤ የሚጠጣውን ግን ከካምፕ በጀሪካን ይዘን እንውረድ።