አሊ ኡስማንን ታውቁታላችሁ?

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በኖርኩባቸው ዓመታት ኢትዮጵያውያን ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ የሱዳን ሙዚቃ ከተነሣ መሐመድ ወርዲና ሰይድ ኸሊፋ ሳይጠሩ አይታለፍም ነበር። ደግ ነው፤ ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ እንደ አገር ልጅ የሚወደዱ ናቸው። የሙዚቃ ቀማሪውን አሊ ኡስማንን የሚያነሣ ግን አልገጠመኝም። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ስለ እሱ ነው። ስሙን ስትፈልጉ ፖለቲከኛው አሊ ኡስማን ጣሃ ቀድሞ ይመጣባችኋል፤ እሱ ሌላ ሰው ነው።

የእኛው አሊ እ.ኤ.አ. በ1958 ኦምዱርማን ተወለደ። ጊታር፣ ቤዝና ድራም ራሱን በራሱ አስተምሮ፣ በጃዝና በሮክ ባንዶች ሲጫወት ያደገ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ካይሮ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1959 በተቋቋመው የካይሮ ኮንሰርቫቶር የሙዚቃ ቅንብር ተማረ። አስተማሪው ገማል አብደልረሂም ነበር። ይህ ዕድል የአሊን መንገድ የወሰነ ይመስለኛል፤ ለምን እንደምል ላስረዳ።

ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ያላችሁ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ተጫኑ። አምስት ድምፅ ናቸው፤ እንደጀመራችሁበት ቦታ ትዝታ ሜጀርም ይወጣችኋል፣ የወርዲ ዘፈን የሚመስል ዜማም ይወጣችኋል። የመሐልና የሰሜን ሱዳን ዘፈን በአብዛኛው በዚህ ግማሽ ድምፅ በሌለው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ላይ የቆመ ነው። እኛ አምባሰልና አንቺሆዬ ውስጥ ግማሽ ድምፅ አለን፤ ትዝታ ሜጀር ላይ ግን ከሱዳኖቹ ጋር አንድ ነን። ምቱም ቢሆን ይዛመዳል። የኮርዶፋኑን መርዱም የሰማ የእኛ ሰው ትከሻው ሳይነቃነቅ አይቀርም፤ ስድስት ስምንተኛ (6/8) ምቱ ከእኛ ችክችካ ጋር ይቀራረባልና።

ችግሩ የሚመጣው ይህን ዜማ ለኦርኬስትራ ልጻፍ ሲባል ነው። የአውሮፓ ሃርመኒ የሚራመደው በግማሽ ድምፅ ጉተታ ነው፤ «ሲ» ወደ «ዶ» ካልሳበች ኮርዱ ማረፊያውን አያገኝም። ባለ አምስት ድምፁ ስኬል ውስጥ ደግሞ ያቺ «ሲ» የለችም። እንግዲህ ከዜማው ሥር የተለመደውን ሦስት ኮርድ ብትደረድሩበት ዜማው ይሞታል፤ የትምህርት ቤት መዝሙር ይሆናል። በእኛም አገር «ዘመናዊ ቅንብር» የተባለ ስንት ጥሩ ዜማ እንዲህ ተበላሽቷል!

ገማል አብደልረሂም ጀርመን ሄዶ ተምሮ የመጣ ነው፤ ለተማሪዎቹ የሚነግራቸው ግን ሃርመኒውን ከራሱ ከዜማው አውጡ ብሎ ነበር። እሱ በዐረብ የዜማ ስልት በመቃም ነው የሠራው። በዚያ ትምህርት ቤት ያለፈ ሱዳናዊ ተማሪ ደግሞ ከቤቱ ይዞት የመጣው አምስት ድምፅና የአፍሪካ ምት አለው። የአሊ ኡስማን ሥራ የእነዚህ መገናኛ ነው፤ የአፍሪካ ምት፣ የዐረብ ዜማና የምዕራቡ አጻጻፍ አንዱ ሌላውን ሳይውጠው። ኦምዱርማን ቢወለድም ከግብፅ ሦስተኛ ትውልድ የሙዚቃ ቀማሪዎች ጋር ይቆጠራል።

ኑሮው ማስተማር ነበር። በኮንሰርቫቶሩም፣ በካይሮው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲም አስተምሯል። ከሁሉ በላይ የማደንቀው ግን የአል-ኑር ወል-አማልን ኦርኬስትራ መምራቱን ነው። የኦርኬስትራው አባላት ማየት የተሳናቸው ሴቶች ናቸው። ኖታውን በብሬል ያነብባሉ፤ በጣት እያነበቡ ቫዮሊን መጫወት ስለማይቻል እያንዳንዷ ድርሻዋን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ ትይዛለች። መድረክ ላይ የኮንዳክተሩን እጅ የምታይ የለችም። እንግዲህ መሪው ሥራውን ሁሉ ልምምድ ላይ መጨረስ አለበት፤ ትንፋሹን፣ ፍጥነቱን፣ ከፍታና ዝቅታውን እየደጋገመ በጆሯቸው ውስጥ ማስቀመጥ አለበት። ይህ የአስተማሪ ሥራ ነው። በመሪ ዘንግ ብቻ ኦርኬስትራ የሚመራ ሰው እዚያ ቦታ አንድ ሳምንት አይቆይም። አሊ እ.ኤ.አ. በ2017 አረፈ።

እኛ ዘንድ ለአሊ የሚቀርበው ዶክተር አሸናፊ ከበደ ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር፣ አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ከዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የያዘ፣ የኢትዮጵያን ዜማ ለኦርኬስትራ የጻፈ፣ በኋላም ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። አንዱ ከኦምዱርማን፣ አንዱ ከአዲስ አበባ፤ የገጠማቸው የዜማ ጥያቄ አንድ፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ደግሞ በሰው አገር ዩኒቨርሲቲ። አሸናፊንም ቢሆን ስንቶቻችን ሰምተነዋል?

ይህን አሁን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ካርቱም ሁለትን እኔ የማውቀው ሰፈር አድርጎ አልተወውም። ኦምዱርማን ያለው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የሱዳን ዘፈን ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የተከማቸበት ቤት፣ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በታጣቂዎች እጅ ነበር። ሙዚቀኛውም እንደ ሌላው ሕዝብ ተሰዷል፤ በመተማ በኩል አልፎ ወደ እኛ የመጣ ብዙ ነው።

የያሬድ ተማሪዎችና መምህራን ይህን የምታነቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ኡድ ወይም ቫዮሊን ይዞ የተቀመጠ ሱዳናዊ ስታገኙ ወደ ክፍላችሁ ጋብዙት፤ ከክራርና ከማሲንቆ ጋር አጫውቱት፤ የሚያውቀውን ኖታ አድርጋችሁ ጻፉለት፤ ቅጂውንም ስጡት። የአሊ ኡስማንን ሥራ ያላችሁ ደግሞ እዚህ ቻናል ላይ አካፍሉን።