በ33 ሺህ ዶላር የተሠራ ፍርሃት፦ ተመልካቾቹን ያላስማማው የኦርጋን ዜማ

"ካርኒቫል ኦፍ ሶልስ" የተባለው አስፈሪ ፊልም ለዕይታ ከበቃ ከ60 ዓመታት በላይ አልፈዋል። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ "የነፍሶች ፈንጠዝያ" እንደ ማለት ነው። ፊልሙን በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎውረንስ በተባለች ከተማ የሚኖሩ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ በ1962 በ33 ሺህ ዶላር ገደማ ሠርተውታል። ገንዘቡ በዚያ ዘመን ዋጋ እንኳ ለአንድ ሙሉ ፊልም እጅግ ጥቂት ነበር። ያዩት ሰዎች ግን ዛሬም አልተስማሙበትም። አንደኛው ወገን ተዋንያኑ እንደ ግንድ የደረቁ፣ ድምፁ የተዛነፈ፣ ታሪኩም የሚንቀረፈፍ ፊልም ነው ይላል። ሌላው ወገን በብዙ ሚሊዮን ዶላር ከተሠሩ ፊልሞች ይልቅ ይህ እንቅልፍ እንደሚነሳ ይመሰክራል። የሚገርመው፣ ሁለቱም ወገኖች በማስረጃነት የሚጠቅሷቸው ትዕይንቶች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው በመኪና እሽቅድምድም ነው። ሦስት ወጣት ሴቶች የተሳፈሩባት መኪና ከሌላ መኪና ጋር ስትፎካከር ከአሮጌ ድልድይ ላይ ተወርውራ ወንዝ ውስጥ ትገባለች። ፈላጊዎች ውኃውን ለሰዓታት ሲያስሱ ከቆዩ በኋላ ከሦስቱ አንዷ፣ ሜሪ ሄንሪ፣ በጭቃ እንደ ተለወሰች ከወንዙ ብቅ ትላለች። እንዴት እንደ ተረፈች አታውቅም። ሜሪ በሙያዋ ኦርጋን ተጫዋች ናት፤ ብዙም ሳትቆይ በዩታ ግዛት በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ወዳገኘችው ሥራ መኪናዋን እየነዳች ትጓዛለች። በመንገድ ላይ ሬዲዮዋን ስትከፍት ከኦርጋን ዜማ በቀር የሚሰማ ነገር ይጠፋል፤ ጣቢያ ብትቀይርም ያው ነው። በመኪናዋ መስኮት ላይ ፊቱ የነጣ ሰው ትኩር ብሎ ያያታል። በሩቁም በሐይቅ ዳር ብቻውን የቆመ፣ ሰው የተወው ትልቅ የዳንስ አዳራሽ ይታያታል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያ ቦታ ከልቧ አይወጣም።

የፊልሙ አስኳል በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ትዕይንት ነው። ሜሪ ብቻዋን ተቀምጣ ልምምድ ታደርጋለች። መዝሙሩ ቀስ በቀስ መልኩን ይቀይራል፤ ጣቶቿ የእርሷ መሆናቸውን ያቆሙ ይመስል በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ፤ ዜማው ከጸሎት ቤት ወጥቶ ወደ ጭፈራ ቤት ይገባል። ዓይኖቿ ፈጥጠው በዚያ በተተወው አዳራሽ ሙታን ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ሲደንሱ ያያሉ። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ እጆቿን ይዞ ያስቆማታል፤ የተቀደሰውን ቦታ አረከስሽ ብሎም ሥራዋን እንድትለቅ ይጠይቃታል። ሜሪ ከመጀመሪያውም ይህን ሥራ የምትመለከተው እንደ እንጀራ እንጂ እንደ አምልኮ አልነበረም። ይህንንም ሳትደብቅ ተናግራለች።

ትዕይንቱ ለምን እንደሚያስፈራ ለመረዳት መሣሪያውን ማወቅ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ኦርጋን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ኪቦርድ ነው። ሜሪ የምትጫወተው ግን በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ተደርድረው በሚታዩት ረጃጅም ቧንቧዎች ውስጥ አየር እየተነፋ የሚጮኸውን ነው። የክራር ክር ተመትቶ ሲተው ድምፁ እየከሰመ ይሄዳል። የኦርጋን ድምፅ ግን ቁልፉ እስከ ተጫነ ድረስ አይከስምም፤ ሳንባው የማያልቅበት ፍጡር የሚተነፍስ ያህል ይቀጥላል። ጆሮም ማብቂያውን ሲጠብቅ ይጨነቃል።

ሌላም ምክንያት አለ። ለዘመኑ አሜሪካዊ ተመልካች ኦርጋን በአንድ በኩል የእሑድ ጸሎት ድምፅ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ድምፅ አልባ ፊልሞችን በሲኒማ ቤት ያጅብ የነበረ፣ በመዝናኛ ሥፍራዎች የሚሰማ፣ በሬዲዮ ድራማዎችም ምስጢርና ሞት ሲቃረቡ የሚያስተጋባ መሣሪያ ነው። ሬዲዮ ጣቢያዎች ይወዱት የነበረው ርካሽ ስለ ነበረ ነው፤ አንድ ተጫዋች የሙሉ ኦርኬስትራ ሥራ ይሠራላቸዋል። እ.ኤ.አ በ1925 የተሠራው "ዘ ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ" የተባለው ድምፅ አልባ ፊልምም ፊቱ የተበላሸውን ሰው ከኦርጋን ጋር ስላሳየ መሣሪያውና ፍርሃት ቀድሞውኑ ተዛምደው ነበር። "ካርኒቫል ኦፍ ሶልስ" ቅዱሱንና ዓለማዊውን በአንድ መሣሪያ ላይ አገናኛቸው። የዜማው ደራሲ ጂን ሙር ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር በኦርጋን ብቻ ስለ ሸፈነውም ተመልካቹ አንድ ነገር መለየት ይቸግረዋል፦ የሚሰማው ዜማ ሜሪም የምትሰማው ነው ወይስ ለእርሱ ብቻ የተጨመረ ማጀቢያ? የፊልሙ ወዳጆች ትልቁ ፍርሃት እዚህ ላይ ነው ይላሉ። የማይወዱት ደግሞ የኦርጋኑ ማባሪያ ማጣት ራስ ምታት ነው ብለው ያማርራሉ። ይህ ቅሬታ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ በአንዳንድ ቦታ ዜማው ተራ ንግግርን ሳይቀር ይጫናል።

ዝምታው ግን አያከራክርም ማለት ይቻላል። ሜሪ በከተማው መደብር ልብስ እየለካች ሳለ የዓለም ድምፅ ሁሉ በድንገት ይቆማል። ሻጯ አትሰማትም፤ መንገደኛው አያያትም፤ መኪናዎች ድምፅ ሳያሰሙ ያልፋሉ። ከዚያም በመናፈሻ ቦታ የወፍ ድምፅ ይሰማና ዓለም ትመለስላታለች። ይህ ብልኃት የጠየቀው የድምፅ ክሩን ዝም ማሰኘት ብቻ ነው፤ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም። ፊልሙን "አሰልቺ" ከሚሉት መካከል እንኳ ይህን ትዕይንት የሚያደንቁ አሉ።

የሥራው ታሪክም ከሐሳቡ ያልተናነሰ ነው። ዳይሬክተሩ ኸርክ ሃርቪና የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ጆን ክሊፎርድ በሎውረንስ ለፋብሪካዎችና ለትምህርት ቤቶች አጫጭር ማስተማሪያ ፊልሞችን በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ባልደረቦች ነበሩ። ሃርቪ ከካሊፎርኒያ ሲመለስ በታላቁ የጨው ሐይቅ ዳር "ሶልቴር" የተባለውን የተዘጋ የዳንስ አዳራሽ አየ፤ ለክሊፎርድም በዚያ አዳራሽ ሙታን የሚደንሱበት ታሪክ እንዲጽፍ ነገረው። ገንዘቡ ከከተማዋ ነዋሪዎች ተለቀመ። ሃርቪ ከመሥሪያ ቤቱ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ቀረጻውን አከናወነ። ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ ካንዲስ ሂሊጎስ የተባለችው ተዋናይት ከኒው ዮርክ መጣች፤ ፊቱ የነጣውን ሰው ግን ዳይሬክተሩ ራሱ ተጫወተው። ሜሪ በፊልሙ መጀመሪያ የምትታይበት የኦርጋን ፋብሪካም ለፊልሙ የተሠራ አይደለም፤ በሎውረንስ የነበረ እውነተኛ ፋብሪካ ነው። የሙታኑ ማስዋቢያም የነጣ ፊትና የጠቆረ የዓይን ዙሪያ እንጂ ሌላ ብዙ ነገር የለውም።

ድህነቱ በፊልሙ ላይ ይታያል። በአንዳንድ ትዕይንቶች የተናጋሪው ከንፈርና ድምፁ አይገጣጠሙም። የአንዳንዶቹ ተዋንያን ንግግር ከወረቀት የተነበበ ይመስላል። በተለይ የሜሪ ቅዝቃዜ የተመልካቾች ዋነኛ የጠብ ምክንያት ነው፦ አትስቅም፣ አታለቅስም፣ ሰው አትቀርብም። ይህን የትወና ድክመት የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ፍጻሜውን ያየ ሰው ግን ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ሲመለከት ቅዝቃዜዋ ሌላ ትርጉም እንዳለው ይገነዘባል፤ ፍጻሜውን ላላዩት ነግሮ ማበላሸት አይገባም። ሌሎች ደግሞ ታሪኩን የሚያነቡት በሌላ መንገድ ነው። ጎረቤቷ ያለ ፈቃዷ ይጎተጉታታል፤ ሐኪሙ ሳያውቃት ይተነትናታል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ምን እንደ ደረሰባት ሳይጠይቅ ያሰናብታታል። ለእነዚህ ተመልካቾች አስፈሪው ነጭ ፊት ያለው ሰው ሳይሆን በሕዝብ መካከል ሆና የሚሰማት ያጣችው ሴት ናት። ይህ ንባብ ከብዙዎቹ ይበልጥ አሳማኝ ነው፤ የዝምታው ትዕይንትም የሚደግፈው ይመስላል።

ሠሪዎቹ ከፊልሙ ተጠቃሚ አልሆኑም። አከፋፋዩ ድርጅት ፊልሙን አሳጥሮ ከሌላ ርካሽ ፊልም ጋር አጣምሮ ካሳየ በኋላ ከሰረ። ከዚህ የባሰው በሕግ በኩል የመጣው ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሕግ መሠረት አንድ ሥራ ሲሠራጭ የባለመብትነት ማስታወቂያ ሊታተምበት ይገባ ነበር፤ ማስታወቂያው ከቀረ መብቱም ይቀራል። ለሲኒማ ቤቶች በተሠራጩት የዚህ ፊልም ቅጂዎች ላይ ማስታወቂያው አልነበረም። በመሆኑም ፊልሙ የሕዝብ ንብረት ሆነ፤ ማንም ያለ ክፍያ ሊያባዛውና ሊያሳየው ይችላል። እ.ኤ.አ በ1968 የወጣውና ብዙ ተመልካቾች ከዚህ ፊልም ጋር የሚያመሳስሉት "ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ"ም ስሙ ሲቀየር ማስታወቂያው በመውደቁ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል።

ሃርቪን ያከሰረው ስሕተት ግን ለፊልሙ ተመልካች አመጣለት። በነጻ የተገኘ ፊልም ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች የሌሊት ሰዓት መሙያ ምቹ ነው። ከአድናቂዎቹ ብዙዎቹ ያገኙት በሲኒማ ቤት ሳይሆን በቤታቸው፣ ሌላው ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው። ፊልሙ እንዲህ ባለው ሰዓት፣ በትንሽ ቴሌቪዥንና በደበዘዘ ምስል ሲታይ ጉድለቱ ከሕልም ጋር ይመሳሰላል፤ ለተመልካቾች አለመስማማትም አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። በቀን ብርሃን፣ ሌላ ነገር እየሠራ የሚያየው ሰው የከንፈርና የድምፅ መዛነፉን ይቆጥራል። በጸጥታ የሚያየው ሰው ደግሞ ያንኑ መዛነፍ የታሪኩ አካል አድርጎ ይወስደዋል።

እ.ኤ.አ በ1989 ፊልሙ ዳግም በሲኒማ ቤቶች ታየ፤ በ1962 ያልተቀበሉት ሐያስያን ያን ጊዜ በስፋት ጻፉለት። ክራይቴሪዮን የተባለው የታወቁ ፊልሞች አሳታሚ በ2000 በዲቪዲ፣ በ2016 ደግሞ በታደሰ ምስል አውጥቶታል። በ1998 በተሻለ ገንዘብና በታዋቂው የአስፈሪ ፊልሞች ሰው በዌስ ክሬቨን ስም የወጣው አዲስ ቅጂ ግን በተመልካቹ ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። ኸርክ ሃርቪ ከዚህ ሌላ ረጅም የልብ ወለድ ፊልም ሳይሠራ፣ ሥራው ሲደነቅ ግን አይቶ በ1996 አረፈ።

ሙታኑ የደነሱበት የሶልቴር አዳራሽ በ1970 በእሳት ወድሟል። በአካባቢው ዛሬ የሚታየው በ1981 የተሠራ ሌላ ሕንጻ ነው፤ የሙዚቃ ኮንሰርት ይቀርብበታል።