ቤቱ ሲለወጥ ማሞቂያውም ይለወጥ

የደጋ ነዋሪ ከብርድ ጋር የሚያደርገው ትግል የቆየ ነው። ከዓባይ በረሓ ሽቅብ ወጥቶ ደጀንን ካለፈ በኋላ ወደ ባሕር ዳር በሚያመራው መንገድ ላይ የሚገኙት ቢቸናና ሞጣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። ሁለቱም የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ሲሆን፣ በአቅራቢያቸውም ከፍታው ከ4 ሺህ ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ተራራ አለ። በክረምት ዝናቡና ጉሙ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ የጠራ ሰማይ የሚያመጣው የሌሊት ቁር ሕፃናትን፣ አራሶችንና አረጋውያንን ያንገላታል።

ከሥራ ውላ ወደ ቤቷ የምትመለስ እናት ታዲያ ልጆቿ በብርድ ሲቆራመዱ ስታይ ቶሎ የሚታወሳት የከሰል ምድጃው ነው። ይህ ከእናት ከአያት የተወረሰ ልማድ ነው። ነገር ግን ልማዱ ሳይለወጥ ቤቱ ተለውጧል። የጥንቱ የሣር ክዳን ቤት ጭሱንም አየሩንም በክዳኑና በግድግዳው ስንጥቅ በኩል ያስተነፍስ ነበር። የዛሬው ቤት ግን ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፤ መስኮቱ መስታወት፣ በሩ ብረት ሆኗል፤ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ተወጥሯል። አያቶቻችን ከፍም አጠገብ ተኝተው በሰላም ነቁ ብለን እኛም በዛሬው ቤት እንደዚያው ብናደርግ አደጋው የከፋ ነው።

የፍም አደጋ

ብዙዎቻችን ከሰል ጭሱ እስኪያልቅ ከደጅ አቆይተን፣ ቀልቶ ፍም ሲሆን ወደ ቤት እናስገባለን። ጭሱ ካለቀ ጉዳቱም ያለቀ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛም ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ፍም ሆኖ ከቀላው ከሰልም፣ በአመድ ከተዳፈነው እሳትም ይወጣል። ይህ ጋዝ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በመሆኑ፣ ወደ ሳንባ ሲገባ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በቢቸናና በሞጣ ከፍታ ደግሞ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ድሮውንም በሚቀንስ ኦክስጅን የሚኖር ስለሆነ መርዙን የመቋቋም አቅሙ ያንሳል።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ናቸው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳችንን አመመን ካሉ ወዲያውኑ ከሰሉን ጠርጥሩ። በሩንና መስኮቱን ክፈቱ፤ ሰዎቹን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፤ ሳትዘገዩም ወደ ሆስፒታል ወይም ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱ። ሎሚ በማሽተትና ውሃ በመርጨት ውድ ጊዜ አይባክን። የተኛ ሰው ግን ራስ ምታቱን ሳያውቀው ሊያልፍ ስለሚችል፣ ከከሰል ጋር መተኛት ፈጽሞ አይገባም። በተለይ አራስ ቤት ይታሰብበት! እናትና ጨቅላ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀንና ሌሊት ስለሚውሉ ስለሚያድሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

ላቀች የተባለው የተሻሻለ የከሰል ምድጃ ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ለወጥና ለቡና መልካም ነው። ሆኖም ከሰል ቆጠበ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት ስላልሆነ፣ እሱም ቢሆን በመኝታ ክፍል አያድርም።

አስቀድሞ ቤቱን

ታዲያ በምን እንሙቅ? ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት ሙቀቱ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ፈልጉ። ሙቀት ወደ ላይ ይወጣልና፣ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣራ ያሞቃችሁትን ሁሉ ወደ ሰማይ ይሰድደዋል። የአቡጄዲ ኮርኒስ እንኳ ከምንም ይሻላል። ከበር ሥር የሚገባውን ንፋስ በተጠቀለለ ጨርቅ መዝጋት፣ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ መሸፈን፣ በሊሾው ላይ ምንጣፍ ወይም አጎዛ ማንጠፍ ወጪያቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀዳዳውን በደፈናችሁ መጠን በዚያ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል የበለጠ አደገኛ ይሆናል። የዕለት ቡናም ቢሆን በር ተከፍቶ ወይም በረንዳ ላይ ይፈላ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የቤትና የጤና መመሪያ በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባይወርድ መልካም እንደሆነ ይመክራል። ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤት ደግሞ ከዚያ ከፍ ቢል ይመረጣል።

የትኛው ማሞቂያ?

በኤሌክትሪክ የሚሠሩት የቤት ማሞቂያዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ወደ ሙቀት የሚለውጡት ናቸው። ሽቦው የሚቀላው ማሞቂያና ዘይት ያለበት ራዲያተር ከዚህ ይመደባሉ። ሽቦው የሚቀላው ዋጋው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብርድ ልብስና መጋረጃ ያቃጥላል፤ ልጅም ይነካዋል። ራዲያተሩ ዘግይቶ ይሞቃል እንጂ የሚታይ እሳት ስለሌለው ለልጆች ክፍል ይሻላል። የምግብ ማብሰያ ስቶቭን ለማሞቂያነት ማሳደር ግን የቃጠሎ ምንጭ ነውና ይቅር።

ሁለተኛው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው፣ በተለምዶ ኤሲ የምንለው መሣሪያ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዕቃ የበረሓ ማቀዝቀዣ አድርጎ ብቻ ያውቀዋል። ሆኖም የሚያሞቅም የሚያቀዝቅዝም ዓይነት አለ። አሠራሩን ለመረዳት የፍሪጅን ጀርባ በእጃችሁ ዳስሱ። ይሞቃል አይደል? ፍሪጁ ከውስጡ ያወጣውን ሙቀት በጀርባው ያስወጣል። ይህም መሣሪያ ከውጭው አየር ላይ ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። ብርድ ነው በምንለው አየር ውስጥም ሙቀት አለና።

ሙቀቱን የሚያጓጉዝ እንጂ የሚፈጥር ስላልሆነ፣ በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ያህል ሙቀት ይሰጣል። ለምሳሌ ባለ 1 ሺህ 500 ዋት ማሞቂያ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ቢሠራ በአንድ ምሽት 6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን 180 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ያንኑ ሙቀት ኤሲው በ60 ገደማ ይሰጣል። የቤት ታሪፍ እርከን ያለውና ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋውም የሚጨምር በመሆኑ ልዩነቱ በኪስ ላይ በግልጽ ይታያል። በሌላ በኩል የመግዣና የማስተከያ ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ የበለጠ ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ብቻ ለሚሞቅ ክፍል ትንሽ ራዲያተር ይበቃል። ሕፃን ወይም አረጋዊ ላለበት፣ በየምሽቱ ለረጅም ሰዓት ለሚሞቅ ቤት ግን አቅም ከፈቀደ ኤሲው ይመረጣል።

ስትገዙ የምትጠይቁት

1ኛ/ ያሞቃል ወይስ ያቀዘቅዛል ብቻ? በሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት መኖሩን እዩ፤ በሱቁ ውስጥም አስነሥታችሁ ሞክሩ።

2ኛ/ በስንት ቮልት ይሠራል? የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ የሚልከው ዕቃ ብዙ ጊዜ በ110 ወይም በ120 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ፣ በቀጥታ ከሶኬት ጋር ከተገናኘ ይቃጠላል።

3ኛ/ ጉልበቱ ስንት ነው? ለ3 በ4 ሜትር ክፍል ባለ 9 ሺህ ቢቲዩ ይበቃል። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ መሣሪያው ከተጻፈበት ጉልበት ጥቂት ያነሰ ይሰጣል፤ እጅግ ትንሹን አትምረጡ።

4ኛ/ ኢንቨርተር ያለው ነው? ይህ ቃል ከባትሪ ጋር ከሚሠራው ዕቃ ጋር እንዳይምታታባችሁ። እዚህ ላይ ሞተሩ እንደ ሙቀቱ ፍላጎት ፍጥነቱን የሚያስተካክል ማለት ነው። ሲነሣ መስመሩን ስለማይጎትት ለደካማ መስመር ይስማማል።

5ኛ/ ጋዙ ምን ዓይነት ነው? አር 22 የተባለው አሮጌ ጋዝ የምድርን የኦዞን ሽፋን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው። በርካሽ ቢሰጣችሁም ነገ መሙያ ታጣላችሁ።

6ኛ/ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ሠራተኛው ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ የሚጠራ ከሆነ የመንገዱን ወጪም አስሉ። ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

አተካከሉም ከግዢው ያላነሰ ጥንቃቄ ይሻል። የጭቃ ግድግዳ የውጭውን ሞተር ክብደትና ንዝረት አይሸከምም፤ ስለዚህ መሬት ላይ በሲሚንቶ መሠረት ወይም በብረት ማቆሚያ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከቆጣሪው የራሱ መስመር በ2.5 ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የምድር ሽቦ ይኑረው። በዲቫይደር ከቴሌቪዥንና ከፍሪጅ ጋር ፈጽሞ አይሰካ። ሠራተኛውም ጋዙን ከመልቀቁ በፊት የመዳብ ቱቦውን አየር በቫኪዩም ፓምፕ ማውጣቱን ቆማችሁ ተመልከቱ። ይህን የዘለለ ሠራተኛ መሣሪያውን ገና ከጅምሩ ጎድቶታል።

የተበላሸ ሲመስልና ሲበላሽ

አስነሥታችሁት ለጥቂት ደቂቃ ሳይነፍስ ቢቆይ አትደናገጡ። በብርድ እንዳይመታችሁ ውስጡ እስኪሞቅ ይጠብቃል። መብራት ሄዶ ሲመጣም ሞተሩ ሦስት ደቂቃ ያህል አርፎ ይነሣል። በጣም በቀዘቀዘ ንጋት የውጭው ክፍል እንፋሎት ቢያወጣና ማሞቁን ለአፍታ ቢያቆም፣ የያዘውን ውርጭ እያቀለጠ ነው። ከውጭው ክፍል ውሃ ቢንጠባጠብም ጤነኛ ነው።

ሙቀቱ ከቀነሰ በመጀመሪያ መሣሪያውን አጥፍታችሁ ማጣሪያውን አውጡ። በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። በለብታ ውሃ አጥባችሁ በጥላ አድርቁት። በብርድ ወቅት በየሁለት ሳምንቱ ይህን ማድረግ ይጠቅማል። ቀጥሎ በውጭው ክፍል ፊት እንጨት፣ ጆንያ ወይም የተሰጣ ልብስ አየሩን አለመዝጋቱን እዩ። ሪሞቱን 30 ላይ ማድረግ ቤቱን ፈጥኖ አያሞቀውም፤ ከ20 እስከ 22 ይበቃል።

ጨርሶ አልነሣ ካለ የሪሞቱን ድንጋይና ብሬከሩን ተመልከቱ። አምፖሉ ከደበዘዘ ኃይሉ አንሷልና እስኪስተካከል አጥፉት። በየምሽቱ እንዲህ የሚሆን ከሆነ ለመሣሪያው የሚመጥን ስታቢላይዘር ያስፈልገዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ሺህ ዋት ስለሚወስድ፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ማሞቂያው ይረፍ።

ሠራተኛው «ጋዙ አልቋል፣ ልሙላው» ካላችሁ ግን ጠይቁ። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ አለ። ቀዳዳው ሳይደፈን ቢሞላ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዳግመኛ ትከፍላላችሁ። ከአዲሶቹ ጋዞች አንዳንዶቹ የሚቀጣጠሉ በመሆናቸውም ጥገናው ሲካሄድ ከአጠገቡ ፍምም ሆነ ሲጋራ አይኑር። ሶኬቱ ከጋለ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከሸተታችሁ ወዲያውኑ ከብሬከሩ አጥፍታችሁ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥሩ። በእርጥብ እጅ መነካካት ሕይወት ያስከፍላል።

መብራት በሚጠፋበት ሌሊት

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሁሉ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ያ ሌሊት ከሰል ወደ መኝታ ክፍል ተመልሶ የሚገባበት እንዳይሆን ዝግጅቱ በቀን ይጠናቀቅ። በፔርሙስ የሞላ ሙቅ ውሃ፣ በሙቅ ውሃ የተሞላና በጨርቅ የተጠቀለለ የጎማ ከረጢት ከእግር ሥር፣ ተጨማሪ ጋቢና ቡልኮ፣ የልጆች ካልሲና ኮፍያ ይዘጋጁ። ቤተሰቡ ለዚያች ሌሊት በአንድ ክፍል ቢያድር የእርስ በርሱ ሙቀት ትልቅ እገዛ ነው። የሕፃን ፊት ግን በልብስ እንዳይሸፈን ጠብቁ።

እንግዲህ እናቶችና እህቶች፣ ኤሲ ለመግዛት አቅም የሌላት እናት ቀዳዳ መድፈንና ከሰሉን ከመኝታ ክፍል ማስወጣት ትችላለች። አቅም ያላትም በማስታወቂያ ሳትታለል፣ ቤቷንና መስመሯን መርምራ ትግዛ። ይህን ጉዳይ ለባል፣ ለጎረቤት፣ ለቤት ሠራተኛና በተለይም ለአራስ ጠያቂዎች አስረዱ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው የት እንዳለ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ ተመልከቱ።