የሠርግ ቪዲዮ የሚቆርጥ ኮምፒውተር በቆላ ሙቀት፦ የትኛው ዕቃ ይቅደም?

ጥር ገብቶ ሠርጉ ሲበዛ በጀውሃም ሆነ በሸዋ ሮቢት ያለ ፎቶ ቤት ሁለት ካሜራ ይዞ ይወጣና ማታ የሜሞሪ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ይገለብጣል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ የተቀረጸውን ለመቁረጥ ሲሞከር ምስሉ ይንቀረፈፋል፤ ፕሮግራሙ ስታክ ያደርጋል። ጠዋት ደህና የነበረው ማሽን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይብስበታል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሄዶ ውድ ግራፊክስ ካርድ ይገዛል፤ ችግሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ነገሩ ይገባዋል፦ ቦዩ አንድ ቦታ ላይ ከጠበበ ከላይ ውሃ ቢጨምሩበት ማሳው አይጠግብም። መጀመሪያ የጠበበውን ቦታ ማግኘት ነው።

ምስሉ ለምን ይከብዳል?

አንድ የፎር ኬ ፍሬም 3840 በ2160፣ ማለትም 8.3 ሚሊዮን ያህል ነጥብ አለው፤ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ባይት ብንይዝ አንዱ ፍሬም 25 ሜጋባይት ይሆናል። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲያልፍ ከ600 ሜጋባይት በላይ ማለት ነው። ይህን ያህል በተራ ሜሞሪ ካርድ ስለማይያዝ ካሜራው ይጨምቀዋል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ የሚጽፈው 12.5 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ሃምሳ እጥፍ ያህል ተጨምቋል።

ኤች 264 እና ኤች 265 የሚባሉት የመጭመቂያ ዘዴዎች ሙሉ ምስል የሚያስቀምጡት አልፎ አልፎ ነው። በመካከል ላሉት ፍሬሞች የሚመዘግቡት የተለወጠውን ብቻ ነው። ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ይህ ችግር የለውም፤ ለሚቆርጥ ሰው ግን ፈተና ነው። መሃል ላይ ጠቅ ባደረጉ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ምስል ይፈልግና እስከዚያች ፍሬም ያለውን እንደገና ያሰላል። መንቀርፈፉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ

ይህን ስሌት ለብቻው የሚሠራ ክፍል አለ። በኢንቴል ፕሮሰሰር ኩዊክ ሲንክ ይባላል፤ የሚገኘውም ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ በተሠራው ግራፊክስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲገዙ የስሙን መጨረሻ ያንብቡ። ኮር አይ 5 12400 ይህ ክፍል አለው፤ 12400 ኤፍ ግን የለውም። ኤፍ ያለበት ዋጋው ቀነስ ስለሚል ያጓጓል፤ ለጌም ይሆናል፤ ለኤዲቲንግ ግን የሚፈልጉትን ክፍል ቆርጦ ያስቀረ ነው። ካሜራዎ በኤች 265፣ 10 ቢት 4፡2፡2 የሚቀርጽ ከሆነ ደግሞ ኢንቴል ይህን የሚያግዘው ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። የኤንቪዲያ ካርዶች የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው በአርቲኤክስ 50 ተከታታይ ነው።

ግራፊክስ ካርዱ የሚጠቅመው ለቀለም ማስተካከል፣ ለኢፌክትና ለመጨረሻው ኤክስፖርት ነው። ከኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ዳቪንቺ ሪዞልቭ በካርዱ ላይ በጣም ይደገፋል፤ ለፎር ኬ 8 ጊጋባይት የራሱ ሜሞሪ ያለው ካርድ ያስፈልጋል። በፕሪሚየር ቆርጦ ማጣበቅና ጽሑፍ መጨመር ብቻ ከሆነ ግን መካከለኛ ካርድ ይበቃል።

ራምና ማከማቻ

ለፉል ኤችዲ 16፣ ለፎር ኬ 32 ጊጋባይት ራም ያዙ። አንድ ባለ 32 ከማስገባት ሁለት ባለ 16 ማስገባት ይሻላል፤ መረጃው በሁለት መንገድ ይመላለሳል። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሁለት ካሜራ አራት አራት ሰዓት ቢቀርጹ 360 ጊጋባይት ይሞላል። በእጅ ያለውን ሥራ ኤስኤስዲ ላይ፣ ያለቀውን ተራ ሃርድ ዲስክ ላይ ያድርጉ። ሁለተኛ ቅጂ ደግሞ ከፎቶ ቤቱ ውጭ ይቀመጥ፤ ሠርግ አይደገምም።

ያገለገለ የዴል ወይም የኤችፒ ማሽን ለመግዛት ካሰቡ ፓወር ሰፕላዩንና ማዘርቦርዱን ያስፈትሹ። ብዙዎቹ የፋብሪካውን የራሱን መሰኪያ ስለሚጠቀሙ፣ ሲበላሽ ከገበያ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምላቸውም።

የቆላው ሒሳብ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢትና ጀውሃ የወረደ ሰው ጃኬቱን የት እንዳወለቀ ያስታውሳል። ኮምፒውተር ግን ጃኬት የለውም። በፋን የሚቀዘቅዝ ማሽን ከክፍሉ አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም፤ ክፍሉ 10 ዲግሪ ሲጨምር ፕሮሰሰሩም 10 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ደብረ ብርሃን በ18 ዲግሪ ክፍል 82 ላይ የሚሠራ ፕሮሰሰር፣ ጀውሃ በ34 ዲግሪ ክፍል ወደ 98 ይጠጋል። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሲደርሱ እንዳይቃጠሉ ራሳቸውን ያዘገያሉ። ከቀትር በኋላ የሚብሰው ለዚህ ነው፤ ማሽኑ አላረጀም፣ ሞቆታል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ፣ ትልቅ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ፣ ከፊት አየር የሚያስገባና ከኋላ የሚያስወጣ ፋን ይበቃል። ከግድግዳ ይራቅ፤ መሬት ላይ አይቀመጥ። የአስፋልቱ ዳር አቧራ ማቀዝቀዣው ላይ ሲጋገር ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ በየወሩ ይጽዳ። ረጅም ኤክስፖርት ለሌሊት ይተው።

መብራት

በአገራችን መስመሩ 220 ቮልት ነው ቢባልም ከፍና ዝቅ ይላል። ጥራት ያለው ፓወር ሰፕላይና ስታብላይዘር ያለበት ዩፒኤስ የግድ ነው። ዩፒኤስ ላይ የተጻፈው ቪኤ ዋት አይደለም፤ በርካሾቹ 1000 ቪኤ ማለት 600 ዋት ያህል ነው። ባለ 12 ቮልት 9 አምፔር ሰዓት ባትሪ 108 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 280 ዋት ሲጎተትበት ግን ከግማሹ በታች ነው የሚሰጠው፣ ያውም አሥር ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ። ስለዚህ ዩፒኤስ ሥራ ለመጨረስ ሳይሆን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከኮምፒውተሩ ኋላ ከሚወጣው ትኩስ አየር ያርቁት።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት

የጠበበውን ቦታ ለማግኘት ሥራ ላይ እያሉ ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ። ራሙ ከሞላ ራም፣ ዲስኩ 100 በመቶ ከሆነ ኤስኤስዲ ይግዙ። ሁለቱም ነጻ ሆነው የሚንቀረፈፍ ከሆነ የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም ጭነው ዲግሪውን ይዩ። አንድ ነጻ ዘዴም አለ፦ ፕሮክሲ። ፕሪሚየርም ዳቪንቺም ከዋናው ፋይል ትንሽ ቅጂ ይሠራሉ፤ በትንሹ ይቆርጣሉ፣ ኤክስፖርት ሲሆን ዋናው ይተካል። ያለ አዲስ ዕቃ የአሮጌ ማሽን ዕድሜ ያራዝማል።

ገንዘቡ ለሁሉም በአንዴ ካልበቃ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላይ፣ ዩፒኤስና ማቀዝቀዣ፤ ቀጥሎ ኤስኤስዲና ራም፤ ከዚያ ኩዊክ ሲንክ ያለው ፕሮሰሰር፤ ግራፊክስ ካርዱ በመጨረሻ። ነጋዴው ሲጀምር የሚያሳይዎት ከመጨረሻው ነው፤ እርስዎ ግን ከፊተኛው ይጀምሩ።