ጆን ኮልተር፦ በካርታ ላይ የቀረ ነጠብጣብ

እ.ኤ.አ. በ1931 በአይዳሆ ግዛት፣ ከቴቶን ተራሮች በስተምዕራብ ማሳ ሲያርሱ የነበሩ አባትና ልጅ የሰው ፊት በጎን በኩል ሲታይ የሚመስል ድንጋይ አወጡ። በአንዱ ገጽ «ጆን ኮልተር»፣ በሌላው «1808» ተብሎ ተቀርጾበታል። ጥቂት ቆይቶ አንድ ጎረቤት ጥንድ ቦት ጫማ ሰጥቶ ወሰደው፤ በ1934 ደግሞ ለግራንድ ቴቶን ብሔራዊ ፓርክ አስረከበው። ድንጋዩ እውነተኛ ከሆነ፣ ስለ ጉዞው አንድ ገጽ እንኳ ጽፎ ያልተወው ሰው በገዛ እጁ ያኖረው ብቸኛ ምስክር ይሆናል።

ኮልተር የአሜሪካን ምዕራብ ያሰሰው የሉዊስና ክላርክ ጓድ አባል ሆኖ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዘልቋል። በ1806 ጓዱ ወደ አገር ሲመለስ ግን ከሁለት አጥማጆች ጋር ለመሄድ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ተራራው ዞረ። የሚፈልጉት ቢቨር ነበር፤ የዚህ የውሃ እንስሳ ጸጉር በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች የወንዶች ባርኔጣ ይሠራበት ነበር። አጥማጁ በረዶ የመሰለ ጅረት ውስጥ ገብቶ የብረት ወጥመዱን ከውሃ በታች ያስቀምጣል፤ ከላይ ባቆመው እንጨት ላይ ከራሱ ከቢቨሩ ዕጢ የወጣ ሽታ ይቀባል። ዝባድ ከጥርኝ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይገርመውም።

በ1807 ነጋዴው ማኑኤል ሊሳ የሎውስቶንና ቢግሆርን ወንዞች በሚገናኙበት ቦታ ምሽግ ሠራ። ኮልተርንም «ክሮዎችን ፈልገህ ለንግድ እንዲመጡ ንገራቸው» ብሎ ላከው፤ ክሮዎች የአካባቢው ተወላጅ ሕዝብ ናቸው። ወደ አሥራ አራት ኪሎ የሚመዝን ሸክሙንና ጠመንጃውን ይዞ ብቻውን ወጣ፤ ጊዜውም ክረምት ነበር። የት የት እንደደረሰ የምናውቀው በዋናነት ከአንድ ወረቀት ነው፦ የቀድሞ አለቃው ዊልያም ክላርክ በ1814 ካሳተመው ካርታ። እዚያ ላይ «የኮልተር መንገድ በ1807» የሚል ጽሑፍ ያለበት የነጠብጣብ መስመር ዞሮ ይመለሳል። በአንድ ቦታ የፈላ ምንጭ፣ በሌላው የድኝ ምንጭ ምልክት አለ። ዛሬ ጃክሰንና የሎውስቶን የሚባሉት ሐይቆችም በሌላ ስም ሰፍረዋል።

ችግሩ ካርታው በመሬቱ ላይ ልክ አለመግባቱ ነው። ክላርክ አገሩን አላየውም፤ የሣለው ከሌሎች አፍ እየሰማ ነው። ስለዚህ የታሪክ ሰዎች ኮልተር የቴቶንን ሰንሰለት ወደ ምዕራብ አቋርጧል አላቋረጠም እያሉ ሲከራከሩ ኖረዋል። የአይዳሆው ድንጋይ አቋርጧል ለሚሉት ፈረደ። ተጠራጣሪዎች ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በዚያ የሰፈሩ የመንግሥት ቀያሾች ለቀልድ ቀርጸውት ይሆናል ይላሉ። እኔም ልቤ ወደ ተጠራጣሪዎቹ ያደላል፤ በዚያ ብርድ ድንጋይ የሚቀርጽ ብቸኛ መንገደኛ አይታየኝም።

«የኮልተር ሲኦል» የሚባለው ነገርም ሲመረመር ቦታው ተቀየረ። ሰውየው የሎውስቶንን የሚወነጨፉ ፍልውሃዎች አይቶ ቢናገር ሁሉም ሳቀበት ይባላል። የታሪክ አጥኚው ሜሪል ማተስ የቀደሙትን ጽሑፎች ሲያገላብጥ፣ አጥማጆቹ በዚያ ስም የሚጠሩት ከየሎውስቶን ፓርክ በስተምሥራቅ፣ ዛሬ ኮዲ ከተማ ያለችበትን የሾሾኒ ወንዝ ዳር መሆኑን አገኘ። ስሙን ወደ የሎውስቶን ያዛወሩት በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው።

ዝናውን ያገነነው ግን ሩጫው ነው። ኮልተር ከክሮዎች ጎን ሆኖ ብላክፊቶች የሚባለውን ሌላ ተወላጅ ሕዝብ የተዋጋበት ጊዜ ስለነበር፣ ብላክፊቶች ለእርሱ ቂም ቢይዙ አይፈረድባቸውም። ሦስቱ ወንዞች ተገናኝተው የሚዙሪን ወንዝ በሚፈጥሩበት አካባቢ ከባልንጀራው ከጆን ፖትስ ጋር ሲያጠምድ ተከበበ። ፖትስ ተገደለ፤ ኮልተር ልብሱን ተገፎ «ሩጥ» ተባለ። እሾሃማውን ሜዳ በባዶ እግሩ ሮጠ፤ ከአፍንጫው የፈሰሰው ደም ደረቱን ሸፈነው። አንዱ አሳዳጅ ሲደርስበት ዞሮ በአሳዳጁ በራሱ ጦር ገደለውና ወንዝ ውስጥ ገባ።

ከዚህ በኋላ ትረካው ለሁለት ይከፈላል። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጆን ብራድበሪ፣ ከኮልተር አፍ የሰማውን በ1817 ሲያሳትም፣ ጎርፍ ካመጣው የእንጨት ክምር ሥር ተደበቀ ይላል፤ እስከ ሊሳ ምሽግ የነበረውንም መንገድ ቢያንስ ሰባት ቀን ያደርገዋል። በ1810 አብሮት የተጓዘው አጥማጁ ቶማስ ጄምስ ግን የቢቨር ቤት ውስጥ ገባ፣ ጉዞውም አሥራ አንድ ቀን ፈጀ ይላል። ሁለቱም ከባለቤቱ ሰማን ባዮች ናቸው። ኮልተር እያወራ ታሪኩን ያሳምረው እንደነበር መገመት ከባድ አይደለም። በዚያው በ1810 ተራራውን ትቶ ዛሬ ሚዙሪ ወደሚባለው ግዛት ወርዶ አረሰ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በወፍ በሽታ ሞተ።

በአይዳሆው ድንጋይ ላይ የሚደረገው ምርመራ ባያልቅም፣ ሌላ ድንጋይ ከኮልተር ቀድሞ ማን እንደደረሰ ተናግሯል። በኦሃዮ ጥንታዊ መቃብሮች የተቆፈሩ የጥቁር ባልጩት ስለቶች ተፈትነው፣ ብዙዎቹ ከየሎውስቶን ገደል የተፈለጡ መሆናቸው ታወቀ፤ ዕድሜያቸውም ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ይጠጋል። ኮልተር በዚያ ክረምት ክሮዎችን ፍለጋ የሄደው ሰው ሲመላለስበት በኖረ አገር ነበር።